ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያስተማረው ሐኪም
የዊሊያም ኦስለር የሕይወት ታሪክ

የማስተማር ሥራ ብዙ ዓይነት ነው። ቍጥርን፥ ሰዋስውን፥ የምድርን መልክና የአየርን ጠባይ ለማስተማር መጽሐፍና ሰሌዳ ይረዳሉ፤ መምህሩም ትምህርቱን በሚገባ ካወቀው ለተማሪው ለማካፈል ብዙ አይቸገርም። ነገር ግን በመጽሐፍና በሰሌዳ ብቻ ሊተላለፍ የማይችል ትምህርት አለ። ከዚህም ዓይነት ትምህርት አንዱ፥ መድኃኒት የማያድነውን በሽተኛ ሐኪም እንዴት ሊያስታምመው እንደሚገባ ማወቅ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስለ ማዳን አጥብቀው ሲያስተምሩ፥ ስለ ማስታመም ግን ብዙ ዘመን ዝም ብለው ኖረዋል። ስለዚህ ብዙው ወጣት ሐኪም ዲፕሎማውን ይዞ ሲወጣ ስለ በሽታ ዐያሌ ነገር ያውቃል፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው በፊቱ ተኝቶ በዓይኑ ሲለምነው ግን ምን እንደሚናገር፥ እጁንም የት እንደሚያኖር ይጨንቀዋል።

ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ አውጥተው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ካደረሱት መምህራን መካከል ካናዳዊው ሐኪም ዊሊያም ኦስለር ከፊተኞቹ ይቈጠራል። ዛሬ የማስታገሻ ሕክምና የሚባለው ሙያ ስሙን ያገኘው ኦስለር ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው፤ ስለዚህ የሙያው መሥራች እርሱ ነው ለማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ተማሪ የሰውን ሕመም እስከ መጨረሻው ድረስ ከመምህሩ ጋራ ሆኖ እንዲመለከት ያደረገ፥ የሚሞቱ ሰዎች የሚሰማቸውን ነገር በሥነ ሥርዓት ያስመዘገበ፥ በመጨረሻም ሐዘንና ሞት ወደ ራሱ ቤት ሲመጡ ያስተማረውን የፈጸመ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩ ለመምህራን ሁሉ ይጠቅማል። በዚህ ታሪክ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዊሊያም ኦስለር ሐምሌ 12 ቀን 1849 ዓ.ም. በካናዳ አገር ቦንድ ሔድ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ፌዘርስቶን ኦስለር አስቀድሞ በባሕር ኃይል ያገለገለ፥ በኋላ ግን የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ክህነት ተቀብሎ ከኮርንዎል ወደ ካናዳ ጫካ የመጣ ቄስ ነበር። ልጁ ከዘጠኝ ወንድምና እኅት ስምንተኛው ሲሆን፥ በሕፃንነቱ ጨዋታና ቀልድ የሚወድ፥ መምህራኑንም የሚያስቸግር ነበር፤ ከቀልዱም ብዛት የተነሣ አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሷል። በዚያን ጊዜ ያን ልጅ ያየ ሰው፥ አንድ ቀን በሁለት ክፍለ ዓለም የሚከበር መምህር ይሆናል ብሎ ለመገመት ባልቻለም ነበር። የልጁን ጠባይ የመለሱት በተከታታይ ያገኛቸው ሦስት መምህራን ናቸው።

የመጀመሪያው ዊሊያም ጆንሰን የሚባል ቄስና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ነበር። ይህ ሰው ተማሪዎቹን በክፍል ውስጥ ብቻ አስቀምጦ አያስተምርም፤ ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ እየወሰደ ድንጋይና ሣር ያስለቅማቸው፥ የውሃውንም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ያሳያቸው ነበር። ሁለተኛው ጄምስ ቦቬል የሚባል የቶሮንቶ ሐኪም ሲሆን፥ ወጣቱ ኦስለር እንደ አባቱ ቄስ ለመሆን ጀምሮ የነበረውን ትምህርት በ1868 ዓ.ም. ትቶ ወደ ሕክምና በዞረ ጊዜ መጻሕፍቱን ከፈተለት። ሦስተኛው ሮበርት ፓልመር ሐዋርድ የሚባል በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ነበር። ኦስለር እነዚህን ሦስት ሰዎች ዕድሜውን ሙሉ አልረሳቸውም። በ1892 ዓ.ም. ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፉን ለእነርሱ መታሰቢያ አደረገው፤ ከሸመገለም በኋላ በሐሳብ ተውጦ ብዕር ሲይዝ የቦቬልን ስም ሳያስበው በወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር ይባላል። ሦስቱም መምህራን ያስተማሩት ነገር ቢለያይም የማስተማሪያ መንገዳቸው አንድ ነበር፤ ይኸውም ተማሪውን ከነገሩ ፊት አቁሞ በገዛ ዓይኑ እንዲመለከት ማድረግ ነው።

ኦስለር በ1872 ዓ.ም. ከማክጊል በሐኪምነት ተመርቆ ወጣ። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል በለንደን፥ በበርሊንና በቪየና ትምህርቱን ከቀጠለ በኋላ በ1874 ዓ.ም. ተመልሶ በ25 ዓመቱ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በሞንትሪያል በቈየባቸው ዓመታት ወደ 800 የሚጠጋ የሬሳ ምርመራ በገዛ እጁ አድርጓል። በፈንጣጣ በሽተኞች ክፍል በማገልገል ያገኘውንም ገንዘብ ለተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ለመግዛት አዋለው። በዚያ ዘመን በፈንጣጣ ክፍል መሥራት ቀላል ነገር አልነበረም፤ እርሱንም በሽታው ይዞት በቀላሉ ለቆታል።

ስለ ማስታመም የተማረው የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርትም ከዚሁ ዘመን ይቈጠራል። በ1875 ዓ.ም. ለጕብኝት ወደ ሞንትሪያል የመጣ አንድ እንግሊዛዊ ወጣት በከባድ ፈንጣጣ ተያዘ። ከእናቱና ከአባቱ ርቆ፥ ዘመድ በሌለበት አገር፥ ሰው ሁሉ በሚሸሸው በሽታ ተይዞ ሊሞት ተቃረበ። መድኃኒት አልነበረም። ኦስለር ግን አልተለየውም፤ ወጣቱ ከኢሳይያስ መጽሐፍ እንዲያነብለት ለመነው፤ ኦስለርም አነበበለት፤ ነፍሱም ስትወጣ የቄስ ልጅ እንደ መሆኑ ጸሎት አደረሰለት። ከዚያም ለወጣቱ አባት የልጁን አሟሟት የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ኦስለር በእንግሊዝ አገር ሳለ የዚያ ወጣት እኅት በአንድ ግብዣ ላይ አገኘችው፤ እናቲቱም ገና በሕይወት እንዳለች፥ ልጇን ያስታመመውን ሐኪም ለማየት እንደምትመኝ ነገረችው። አንዲት ሌሊት የተሠራ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት እናት ልብ ሲያጽናና ኖሮ ነበር።

በ1884 ዓ.ም. ኦስለር ወደ ፊላዴልፊያ ተጠርቶ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት አስተማረ። ከዚያም በ1889 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ አዲስ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አለቃ አድርጎ ሾመው። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1893 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከመጀመሪያውም ቀን ጀምሮ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ተቀበለ።

ኦስለር በዚህ ስፍራ ያደረገውን ለውጥ ለመረዳት፥ ከዚያ በፊት በአሜሪካ አገር ሐኪም እንዴት ይሠለጥን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው የመምህሩን ቃል እየጻፉ ይውሉ ነበር። በሽተኛ ቢያዩም ከሩቅ፥ ከመቀመጫው ደረጃ ላይ ሆነው ነው። በሽተኛን በእጁ ሳይዳስስ፥ የልቡን ትርታ በጆሮው ሳይሰማ፥ ሰው ሲሞት አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ የሐኪምነት ማስረጃ ተቀብሎ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነበር። እንዲህ ያለው ወጣት ሙያውን የሚማረው ከተመረቀ በኋላ በድኻ በሽተኞች ላይ እየተሳሳተ ነው።

ኦስለር ተማሪዎቹን ከአዳራሹ አውጥቶ በሽተኞቹ ወደሚተኙበት ክፍል አስገባቸው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የተወሰኑ አልጋዎች በኀላፊነት ይሰጡት ነበር። በሽተኛው ሲገባ ተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ ሰውነቱን ይመረምራል፤ ደሙንና ሽንቱን በማይክሮስኮፕ ያያል፤ በየቀኑም የታየውን ለውጥ ይጽፋል። መምህሩ በጧት ሲመጣ ሐኪሞች፥ ነርሶችና ተማሪዎች ተከትለውት ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራሉ፤ ተማሪውም ስለ በሽተኛው ያወቀውን በሁሉ ፊት ይናገራል። ኦስለር አስቀድሞ ለበሽተኛው ሰላምታ ይሰጣል፤ ያጫውተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ በሽታው የሚዞረው። ቅዳሜ ማታም ተማሪዎቹን በተራ በቤቱ እየጋበዘ ስለ ሳምንቱ በሽተኞችና ስለ መጻሕፍት ያነጋግራቸው ነበር።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሳይታወጅ የገባ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። አልጋው የተሰጠው ተማሪ በሽተኛው ሲሻለው ብቻ ሳይሆን ሲከፋበትም ኀላፊ ነው። በዚያ ዘመን የሳንባ ምችና የአንጀት ተስቦ ብዙ ሰው ይገድሉ ስለ ነበር፥ ተማሪው ታሪኩን የጻፈለት፥ ስሙንና የልጆቹን ቍጥር ያወቀለት ሰው በፊቱ ይሞታል። ከዚያም በሬሳ ምርመራ ክፍል፥ ሲገምት የነበረው ነገር እውነት ወይም ስሕተት መሆኑን ያያል። ስለዚህ ሞት ለተማሪው በመጽሐፍ መጨረሻ ያለ አንድ ቃል መሆኑ ቀርቶ፥ የሚያውቀው ሰው ያለፈበት መንገድ ሆነ።

ኦስለር በ1892 ዓ.ም. ስለ ውስጥ ደዌ ሕክምና ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እየታረመ ታትሞ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ዋነኛ መጽሐፍ ሆነ። መጽሐፉ ከሚደነቅበት ነገር አንዱ እውነተኛነቱ ነው። በጊዜው ሐኪሞች የሚያዝዙት መድኃኒት ብዙ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ መካከል በእርግጥ የሚያድነው ግን በጣም ጥቂት ነበር። ኦስለር ይህን ሳይደብቅ ጻፈ። ስለዚህም አንዳንድ ሰዎች በመድኃኒት የማያምን ሐኪም ነው ብለው ነቅፈውታል። በሌላ በኩል ደግሞ የባለጸጋው የሮክፌለር አማካሪ በ1897 ዓ.ም. መጽሐፉን አንብቦ ሐኪሞች የማያውቁት ነገር ምን ያህል ብዙ እንደ ሆነ በመገንዘቡ፥ በ1901 ዓ.ም. የሕክምና ምርምር ተቋም እንዲመሠረት ምክንያት ሆኗል።

ይሁን እንጂ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ለበሽተኛው የሚደረግለት ነገር የለም ማለት አይደለም። ኦስለር ጥሩ ነርስ፥ ንጹሕ አየር፥ ተስማሚ ምግብና የሐኪሙ ፊት ብሩህነት ከብዙ ጠርሙስ መድኃኒት እንደሚበልጡ ያምን ነበር። ለብርቱ ሥቃይ ደግሞ ከኦፒየም የሚገኘውን ሞርፊን ያለ ማመንታት ያዝዝ ነበር፤ ከመድኃኒት ሁሉ ስለ ኃይሉ የማይጠራጠርበት ይህ ነው። ማዳንና ሥቃይን ማስታገስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፥ የመጀመሪያው ባይቻል ሁለተኛው እንደማይቀር፥ ተማሪው ከዚህ ይማር ነበር።

ኦስለር ሰው ሲሞት ምን ይሰማዋል የሚለውንም ጥያቄ በወሬና በልማድ ሊተወው አልወደደም። ሰው ሁሉ ሲሞት በብርቱ ጣር ይሠቃያል የሚለው እምነት በሕዝብም በሐኪሞችም ዘንድ የጸና ነበር፤ ግን ቈጥሮ ያረጋገጠው አልነበረም። ስለዚህ ከ1900 እስከ 1904 ዓ.ም. በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት ለሚሞተው በሽተኛ የሚሞላ አንድ ካርድ አዘጋጀ። ካርዱ የሟቹን ዕድሜና በሽታ፥ አሟሟቱንም ይጠይቃል፤ የሰውነት ሥቃይ ነበረበትን፥ ፍርሃት ነበረበትን፥ ከመሞቱ ምን ያህል ጊዜ በፊት ራሱን ሳተ እያለ ይዘረዝራል። ካርዱን የሚሞሉት ከበሽተኛው አጠገብ የሚቈዩት ነርሶችና ሐኪሞች ነበሩ።

የዚህንም ምርመራ ውጤት ኦስለር በ1904 ዓ.ም. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሳይንስና ስለ ነፍስ ዘላለማዊነት በሰጠው ንግግር ገለጸ። ከ500 ያህል ሟቾች መካከል 90ዎቹ የሰውነት ሥቃይ ወይም ጭንቀት ነበረባቸው፤ 11 የሐሳብ ሥጋት ታይቶባቸዋል፤ ሁለቱ በግልጽ ተሸብረዋል፤ አንዱ መንፈሳዊ ደስታ፥ ሌላው መራራ ጸጸት ታይቶበታል። የቀሩት ብዙዎቹ ምንም ምልክት ሳያሳዩ እንደሚያንቀላፋ ሰው አልፈዋል። ኦስለር ከዚህ ተነሥቶ፥ ሞት ሰዎች እንደሚፈሩት ያህል የሥቃይ ሰዓት አለመሆኑን ለአድማጮቹ አስረዳ።

ይህን ቍጥር ዛሬ የሚመለከት መምህር ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው፥ ኦስለር ስለ ሞት ያለው ፍርሃት ከእውነቱ የበለጠ መሆኑን በማሳየቱ ብዙ ሰዎችን ማጽናናቱ ነው። ሁለተኛው ግን፥ ከ500 ሰው 90 ማለት ከአምስቱ አንድ ያህል መሆኑ ነው። የዚያን ጊዜ አድማጭ ያለ ሥቃይ ባለፉት በብዙዎቹ ተጽናና፤ በሥቃይ ስላለፉት ስለ 90ዎቹ ግን ምን መደረግ እንደ ነበረበት የጠየቀ ጥቂት ነው። ደግሞም በካርዱ ላይ የተጻፈው ተመልካቹ ያየው እንጂ በሽተኛው ሁሉ በውስጡ የተሰማው አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚሠቃይ ሰው ዝም ብሎ እንደሚያርፍ ሰው ሊቈጠር ይችላል። ይህ ጉድለት የሥራውን ዋጋ አይቀንሰውም፤ የሚሞት ሰው እንደማንኛውም በሽተኛ ሊጠየቅና ሊመዘገብ የሚገባው መሆኑን ኦስለር ባያሳይ ኖሮ፥ ተከታዮቹ ስለ 90ዎቹ ሊያስቡ ባልቻሉም ነበር።

ኦስለር ሁልጊዜ ያልተሳሳተ ሰው አልነበረም። በየካቲት ወር 1905 ዓ.ም. ባልቲሞርን ለቆ ሲሄድ ባደረገው የስንብት ንግግር፥ ሰው ከስድሳ ዓመት በኋላ ለሥራ አይጠቅምም በማለት ቀለደ፤ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ጠቅሶም ሽማግሌዎችን በክሎሮፎርም ስለ ማሰናበት የሚናገር ጨዋታ ጨመረበት። ጋዜጦች ቀልዱን እንደ እውነተኛ ምክር አድርገው አወጡት፤ በአሜሪካ አገርም ታላቅ ቍጣ ተነሣ። ሽማግሌዎችን የሚወድ ሰው መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ አዘኑለት። ከዚህም፥ የመምህር ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ የሰሚው ገንዘብ መሆኑን፥ ስለ ሽምግልናና ስለ ሞት የሚነገር ቀልድም በደካሞች ልብ ላይ እንደሚከብድ መረዳት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ኦስለር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፥ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በንጉሥ የሚሾመውን የሕክምና ፕሮፌሰርነት ያዘ። በ1911 ዓ.ም. የባሮኔትነት ማዕረግ ተሰጥቶት ሰር ዊሊያም ተባለ። ከሹመቱ ጋራ አብሮ የሚሄድ አንድ ሥራ ነበር፤ ይኸውም ኢዌልም በምትባል መንደር በ15ኛው መቶ ዓመት ለተመሠረተው የ13 ሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት አለቃ መሆን ነው። ከእርሱ በፊት ይህ ሥራ ከስም ያለፈ ብዙ ትርጕም አልነበረውም። ኦስለር ግን ቤቱን አሳደሰ፤ ሽማግሌዎቹንም እየሄደ ይጠይቃቸው፥ ከነርሱ ጋራ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። ስለ ስድሳ ዓመት ሰው በተናገረው ቀልድ ለተቈጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረውም።

በኦክስፎርድ ሳለ ያስታመማት የአንዲት ትንሽ ልጅ ታሪክ፥ ኦስለር ለሚሞት ሰው ምን ያደርግ እንደ ነበረ ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። ልጅቱ የማትድን መሆኗ ታውቆ ነበር። እርሱ ግን ከጥቅምት ወር አጋማሽ ጀምሮ አንድ ወር ያህል በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይጠይቃት ነበር። ወደ ክፍሏ ሲገባ በተረት እንደሚነገረው ድንክ ጐንበስ ብሎ፥ ድምፁን ለውጦ እየተጫወተ ነው፤ መድኃኒቷንም ምግቧንም በጨዋታ ያስወስዳት ነበር። መጨረሻዋ በተቃረበ ጊዜ፥ አንድ ብርዳም የኅዳር ጧት ከካፖርቱ ውስጠኛ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ቀይ ጽጌረዳ አወጣ። ይህች የበጋው የመጨረሻ አበባ በአትክልቱ ስፍራ ሲያልፍ ጠርታው ልጅቱን ለማየት አብራ መምጣት እንደ ፈለገች አጫወታት። ያን ዕለት ማታ በአልጋዋ አጠገብ በትንሽ ጠረጴዛ ሻይ ቀረበ። እርሱም አበባ ቀይ መልኳን ለዘለዓለም ልትይዝ እንደማትችል፥ ሰውም በወደደው ስፍራ እንደ ልቡ ሊቈይ እንደማይችል፥ ነገር ግን ወደ ሌላ ቤት ሄዶ ደስ ብሎት እንደሚኖር፥ የሚቀሩትም ወላጆች ማዘን እንደማይገባቸው ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ነገራት። እናቲቱ በኋላ እንደ መሰከረችው፥ ልጅቱ ነገሩን ተረዳችው፤ አልተከፋችምም። ኦስለር ለልጅቱ አልዋሸም፤ እውነቱንም እንደ ድንጋይ አልወረወረባትም። ለዕድሜዋ በሚስማማ መጠን አካፈላት።

ሞት በራሱ ቤትም ገባ። ኦስለርና ሚስቱ ግሬስ በ1892 ዓ.ም. ከተጋቡ በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸው ገና በአራስነቱ ሞቶባቸዋል። በ1895 ዓ.ም. የተወለደው ኤድዋርድ ሬቨር ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። ይህ ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል መኰንንነት ሲያገለግል፥ በነሐሴ ወር 1917 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ግንባር በጥይት ፍንጣሪ ክፉኛ ቈሰለ። እንደ አጋጣሚ የአባቱ ወዳጅና ተከታይ የነበረው የአንጐል ቀዶ ጥገና ሐኪም ሐርቪ ኩሺንግ በአቅራቢያው ነበረ፤ ሌሎችም ታላላቅ የአሜሪካ ሐኪሞች ተጠርተው መጡ። የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ግን አልሆነም። ልጁ በ21 ዓመቱ ነሐሴ 30 ቀን ጧት ሞተ። ኩሺንግም እስከ መጨረሻው አብሮት ነበረ። ኦስለር በሞንትሪያል ለእንግዳው ወጣት ያደረገውን፥ ከ42 ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ለእርሱ ልጅ አደረገለት።

ኦስለር ከዚህ ሐዘን በኋላ ሥራውን አላቋረጠም፤ በቤቱም የሚሰበሰቡትን ወታደሮች፥ ሐኪሞችና ተማሪዎች እንደ ቀድሞው በፈገግታ ይቀበል ነበር። ቅርብ የነበሩት ግን ልቡ እንደ ተሰበረ ያውቁ ነበር። በሐምሌ ወር 1919 ዓ.ም. 70 ዓመት ሲሞላው ወዳጆቹና ተማሪዎቹ በሁለት ትልልቅ ክፍል የታተመ የመታሰቢያ መጽሐፍ አበረከቱለት። በዚያው ዓመት በመጸው ከሰሜን አገር ሲመለስ፥ የባቡር ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው በብርድ ረዥም መንገድ በመኪና ተጓዘ፤ ከዚያም ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ሕመሙ ወደ ሳንባ ወርዶ ከሁለት ወር በላይ አሠቃየው።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ራሱ በሽተኛ ሆነ። ዘመኑን ሁሉ የሳንባ ምችን ሲያስተምር የኖረ ሰው፥ የገዛ ሕመሙን ሂደት እንደ ሌላ ሰው በሽታ ይከታተለው ነበር። ወዳጆቹ ከሚሰጡት ተስፋ ይልቅ የራሱን ግምት አመነ፤ የሬሳ ምርመራውንም ውጤት ለማየት ባለመቻሉ ብቻ እንደሚያዝን በቀልድ ተናገረ። ከተሰጡት መድኃኒቶች ሁሉ ሳሉንና ሥቃዩን ያስታገሠለት ኦፒየም ብቻ መሆኑን መስክሯል፤ በመጽሐፉ የጻፈውን በሰውነቱ አረጋገጠው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1919 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዐረፈ።

ኦስለር በሕይወቱ ሳለ፥ በመቃብሩ ላይ ሊጻፍለት የሚመኘው ብዙ ማዕረጉና መጻሕፍቱ ሳይሆኑ፥ የሕክምና ተማሪዎችን በበሽተኞች ክፍል ውስጥ ማስተማሩ ብቻ መሆኑን ተናግሮ ነበር። በዕድሜው ያሰባሰባቸውን 8,000 ያህል መጻሕፍት ለተማረበት ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ አወረሰ፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ1929 ዓ.ም. ተከፈተ። ዐመዱ በዚያ ቤት ውስጥ ዐርፏል፤ ስለ ሚሞቱት ሰዎች ያስሞላቸውም ካርዶች እዚያው ተጠብቀው ይገኛሉ።

ሥራው በዚያ አልቆመም። በ1967 ዓ.ም. ሐኪሟ ሲስሊ ሳንደርስ በለንደን ከተማ የሴንት ክሪስቶፈርን ማስታመሚያ ቤት ከፈተች፤ ኦስለር በቍጥር ብቻ ያነሣቸውን እንደ 90ዎቹ ያሉ ሰዎች ሥቃይ፥ ሞርፊንን በተወሰነ ሰዓት አስቀድሞ በመስጠት ማስታገስ እንደሚቻል አሳየች። ከእርሷ የተማረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ባልፎር ማውንት ደግሞ በ1975 ዓ.ም. በሞንትሪያል በማክጊል ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ለእንደዚህ ያሉ በሽተኞች የተለየ ክፍል አቋቋመ፤ የማስታገሻ ሕክምና የሚለውንም ስም እርሱ አወጣው። እንዲህ ሆኖ የኦስለር ትምህርት ከ100 ዓመት በኋላ ወደ ኦስለር ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በምሥራቅ አፍሪካም በ1993 ዓ.ም. በኡጋንዳ የማስታመሚያ አገልግሎት ተመሥርቶ፥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ሞርፊን ለበሽተኞች በየቤታቸው ማደል ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ የአገሪቱ ሕግ ፈቀደ። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 ዓ.ም. ይህ ትምህርት በሐኪሞችና በነርሶች ማሠልጠኛ ሁሉ እንዲገባ መንግሥታትን አሳስቧል።

በኢትዮጵያ አገር ሕመምተኛን መጠየቅና ማስታመም የቤተ ዘመድና የጐረቤት የቈየ ግዴታ ነው፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው ብቻውን አይተውም። በአዲስ አበባ በ1964 ዓ.ም. የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪዎች መምህራቸውን ተከትለው ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ መማራቸውም የኦስለር አሠራር ነው። የሚያስፈልገው ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ ይኸውም ከቤቱ ይዞት የመጣውን የማስታመም ልማድ ተማሪው በሐኪም ቤቱ በር ላይ ጥሎት እንዳይገባ ማድረግ ነው። መምህሩ በማይድነው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳይቆም ቢያልፍ፥ ተከትለውት የሚሄዱት ተማሪዎችም ማለፍን ይማራሉ፤ ቆሞ ሰላምታ ቢሰጥ፥ ሥቃዩን ቢጠይቅ፥ ማስታገሻውን ቢያዝዝ፥ ያለ ብዙ ቃል ትምህርቱን አስተማረ ማለት ነው። ይህም ለሕክምና መምህር ብቻ የተነገረ አይደለም። በማናቸውም ትምህርት ቤት ተማሪ ከመምህሩ ቃል ይልቅ የመምህሩ እግር የት እንደሚቆም አጥብቆ ይመለከታል።